ከመመታቱ በፊት እንዲህ አልነበረም

«ልጄ ከመመታቱ በፊት እንዲህ አልነበረም።» ጫንጮ ውስጥ ይህን አባባል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከተማችን ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ነው ያለችው። ወደ ደርባ የሚታጠፈው መንገድ ሲሚንቶ የጫነ መኪና አይጠፋበትም። ባጃጅ አለ፣ ፈረስ አለ፣ ጋሪ አለ፣ ጠብ ሲነሳ ደግሞ ዱላ አለ። ስለዚህ ሰው ጭንቅላቱን ይመታል። አንዳንዱ ይሞታል፣ አንዳንዱ ይድናል፤ አንዳንዱ ደግሞ ድኖ ሌላ ሰው ይሆናል። ያ ሌላ ሰው አንድ ቀን ሰው ሲፈነክት ወይም ሲሰርቅ እናት ይህን አባባል ትናገራለች። ሰሚው ሁለት ቦታ ይከፈላል። ግማሹ «አዎ፣ ልጁ ምን ያድርግ» ይላል። ግማሹ «ጭንቅላቱን የተመታ ሁሉ ሰው ይደበድባል እንዴ?» ይላል።

ሁለቱም ጥያቄዎች ትክክለኛ ናቸው። እኔ ሶፍትዌር የምጽፍ ሰው ነኝ፤ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው እንጂ ሕክምናም ሕግም አይደለም። ግን ሲስተም ሲበላሽ ሥራችን አንድ ጥያቄ ያስቀድማል፦ ከመበላሸቱ በፊት ምን ተቀየረ? እናትየውም የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። ጥያቄው በአገራችን ሕግ ውስጥ ረጅም ታሪክ እንዳለው ሳውቅ ነው ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁት።

ከሌባ ሻይ እስከ አንቀጽ 48

ከሌባ ሻይ ልጀምር። ድሮ ሌባ ሲጠፋ ለአንድ ልጅ የሚጠጣና የሚጨስ መድኃኒት ይሰጠው ነበር። ልጁ ራሱን ይስታል፤ ሌባ ሻዩ በወገቡ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ይዞ ይከተለዋል። ልጁ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ይህ አሠራር ራስ ተፈሪ በሥልጣን ላይ በነበሩበት ዘመን እስኪከለከል ድረስ እንደ ወንጀል ምርመራ ያገለግል ነበር። እስቲ አስቡት። አንጎሉ በመድኃኒት የደነዘዘው ልጅ መርማሪ ነው፤ የተከሳሹን አእምሮ ግን ማንም አይጠይቅም። ምን አስቦ ነበር፣ ራሱንስ መቆጣጠር ይችል ነበር ወይ የሚል ነገር የለም። የሚፈለገው ቤቱ ብቻ ነው።

ያ ማለት ግን የአገሪቱ ሕግ ስለ አእምሮ ምንም አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፃዊው ክርስቲያን ሊቅ አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ካዘጋጀው መጽሐፍ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። እዚያ ውስጥ ትንሽ ልጅና እብድ እንደ ሌላው ሰው በነፍስ ግድያ አይቀጡም የሚለው ሐሳብ አለ፤ ሥሩም የቢዛንታይንና የሮማ ሕግ ነው። ስለዚህ «አእምሮው ያልተሟላ ሰው እንደ ጤነኛ አይቀጣም» የሚለው ነገር ትናንት ከፈረንጅ የመጣብን አይደለም። ችግሩ መጽሐፉ የሚያውቀው ሁለት ጫፍ ብቻ መሆኑ ነው፦ እብድ ወይም ጤነኛ። የምናወራለት ሰው ግን መሀል ላይ ያለ ነው። ስሙን ያውቃል፣ ገንዘብ ይቆጥራል፣ ሰላም ይላል፤ ሲቆጣ ግን ፍሬን የለውም።

እኛ አካባቢ ደግሞ ከመጽሐፉ ጎን ሌላ ሕግ አለ። ሰው ሲገደል የኦሮሞ ሽማግሌዎች ጉማ ያስከፍላሉ፣ ያስታርቃሉ። ጉማ በሁለት ወገን መካከል ያለውን ደም ለማድረቅ የተሠራ ነው። ብዙ ደም ያስቀረ ጥበብ ነው። ዋና ጥያቄው ግን «ሁለቱ ቤተሰቦች እንዴት አብረው ይኖራሉ?» የሚል ነው እንጂ «የገዳዩ ጭንቅላት ውስጥ ምን ነበር?» የሚል አይደለም።

መሀል ላይ ላለው ሰው ግልጽ ቦታ የሰጠው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። የ1923ቱን ሕግ ተክቶ የወጣው ይህ ሕግ ረቂቁን ያዘጋጁት የጄኔቫው የሕግ ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ነበሩ። ዛሬ የምንሠራበት በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 414 የወጣው የወንጀል ሕግም ያንኑ መንገድ ይዞ ቀጥሏል። አንቀጽ 48 በራሴ ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ነው። አንድ ሰው በዕድሜው፣ በሕመም፣ በአእምሮ ዕድገቱ መዘግየት፣ በአእምሮው መታወክ ወይም በሌላ ተመሳሳይ ሥነ ሕይወታዊ ምክንያት የተነሳ፣ ድርጊቱን በፈጸመበት ሰዓት የሚያደርገውን ወይም የሚያስከትለውን ውጤት መረዳት ካልቻለ፣ ወይም ተረድቶም ራሱን መቆጣጠር ካልቻለ፣ በወንጀል ኃላፊ አይሆንም። አንቀጽ 49 ደግሞ ይህ ችሎታው ሙሉ በሙሉ ሳይሆን በከፊል ለጎደለው ሰው ነው። እሱ ኃላፊ ነው፤ ቅጣቱ ግን እንደ ጤነኛው አይሆንም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሕጉ በር የሚከፍተው በሁለት ቁልፍ ነው። የመጀመሪያው ቁልፍ አካላዊ ነው፦ በሽታ ወይም ጉዳት አለ ወይ? ሁለተኛው ስለ ችሎታ ነው፦ በዚያች ሰዓት መረዳት ወይም ራስን መግታት ይቻለው ነበር ወይ? አንዱ ብቻውን አይከፍትም። የራስ ቅል ፎቶ ይዞ መምጣት ብቻ ነጻ አያወጣም፤ «ንዴት አሸነፈኝ» ማለት ብቻም ነጻ አያወጣም።

ሁለተኛው ቁልፍ ራሱ ሁለት ጥርስ እንዳለው ልብ በሉ፦ መረዳትና መግታት። በ1843 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ማክናተን የሚባል ሰው የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር የሮበርት ፒልን ጸሐፊ ከገደለ በኋላ የእንግሊዝ ዳኞች ያወጡት ታዋቂ መመዘኛ የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፦ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር ወይ? ስሕተት መሆኑንስ? የእኛ ሕግ ይጨምራል፦ አውቆስ ራሱን መያዝ ይችል ነበር ወይ? የአንጎል ጉዳት ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው እዚህ ሁለተኛው ላይ ነው።

ብረት፣ ዕጢና ማማ

የዓለምን ሦስት ታሪኮች በእነዚህ ቁልፎች እንሞክራቸው።

የመጀመሪያው ፊኒያስ ጌጅ ነው። መስከረም 13 ቀን 1848 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት የባቡር ሐዲድ ሲያሠራ፣ ድንጋይ ለማፍረስ በጉድጓድ ውስጥ የሚጠቀጥቀው ባሩድ ፈነዳ። ከ1 ሜትር በላይ የሚረዝምና 6 ኪሎ የሚመዝን ብረት በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። አልሞተም። ሐኪሙ ጆን ሃርሎ በኋላ እንደጻፈው የተረጋጋውና ታታሪው ሰው ግልፍተኛ፣ ተሳዳቢና አንድ ሐሳብ ላይ የማይቆይ ሆነ፤ ወዳጆቹም የድሮው ጌጅ አይደለም አሉ። የሥነ አእምሮ መማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። የቀረው ታሪክ ግን ጌጅ ወንጀለኛ አለመሆኑ ነው። ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የፈረስ ሠረገላ ነዳ። ፈረስ አጥምዶ፣ ተሳፋሪ ጭኖ፣ ሰዓት ጠብቆ መንዳት ራሱን መቆጣጠር ለማይችል ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም። በ1860 ሞተ። የመጀመሪያው ቁልፍ ከበቂ በላይ አለ፤ ወንጀል ግን የለም።

ሁለተኛው ቻርልስ ዊትማን ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1966 እ.ኤ.አ. እናቱንና ሚስቱን ከገደለ በኋላ በኦስቲን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ማማ ላይ ወጥቶ ከላይ ሰው ተኮሰ፤ ከ10 ሰው በላይ ሞተ። በጽሑፉ እንግዳ ሐሳብ እየመጣበት እንደተቸገረ ገልጾ፣ ሲሞት አስከሬኑ እንዲመረመር ጠይቆ ነበር። ሲመረመር አንጎሉ ውስጥ ዕጢ ተገኘ። በግዛቱ ገዢ የተቋቋመው ኮሚሽን ዕጢው አስተዋጽኦ አድርጎ ሊሆን ይችላል፣ ግን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም አለ። በእኛ ሕግ ብንመዝነው ነገሩ ይከብዳል። ዕጢ አለ። ነገር ግን መሣሪያና ምግብ አዘጋጅቷል፣ ጽፏል፣ አቅዷል። ምን እንደሚያደርግ አልገባውም ለማለት ያስቸግራል። ራሱን መግታት አቅቶት ነበር ወይ የሚለው ደግሞ ከእሱ ጋር ተቀብሯል።

ሦስተኛው ስሙ ያልተነገረ የቨርጂኒያ አስተማሪ ነው። የ40 ዓመት ሰው ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. በድንገት ልጆችን የሚመለከት የወሲብ ምስል መሰብሰብና በቤቱ ያለችን ትንሽ ልጅ መተንኮስ ጀመረ። ተፈረደበት። ወህኒ ከመግባቱ በፊት በነበረው ምሽት ከባድ ራስ ምታት ይዞት ሆስፒታል ሄደ፤ በፊተኛው የአንጎሉ ክፍል፣ ከዓይን ጉድጓድ በላይ፣ ትልቅ ዕጢ ተገኘ። ዕጢው ሲወጣ ፍላጎቱ ጠፋ። ከወራት በኋላ ፍላጎቱ ተመለሰ፤ ሲታይ ዕጢው እንደገና አድጓል። እንደገና ሲወጣ እንደገና ጠፋ። ስሕተት መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ይህን ለሐኪሞቹ ነግሯቸዋል። ያጣው መግታቱን ነው። የማክናተን መመዘኛ ይህን ሰው ያሳልፈዋል፤ የእኛ አንቀጽ 48 ወይም 49 ግን ቢያንስ ቆሞ ይጠይቃል።

በእኛ ሙያ ቋንቋ የሦስተኛውን ታሪክ ጉልበት የሰጠው ተደጋጋሚነቱ ነው። ስሕተቱ አንድ ጊዜ ከታየ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ሲያወጡት ጠፍቶ ሲመለስ ተመልሶ ከመጣ ግን ምክንያቱን ይዘነዋል ማለት ነው። በመኪና ወይም በዱላ የተመታ አንጎል ይህን ዕድል አይሰጠንም። ጉዳቱን አውጥቶ እንደገና መመለስ አይቻልም። ያለን ማስረጃ «በፊት» እና «በኋላ» ብቻ ነው።

የሎምብሮዞ ጥላ

እዚህ ላይ አንባቢ «እንግዲህ ወንጀለኛን በስካን ለይተን አስቀድመን ብንይዝስ?» ሊል ይችላል። ይህ ሐሳብ ተሞክሯል፤ መጥፎ ታሪክም አለው። ጣልያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ ቪሌላ የሚባል የደቡብ ጣልያን ሰው የራስ ቅል መርምሮ ከኋላ በኩል ያልተለመደ ጉድጓድ አየ። ከዚያ ተነስቶ በ1876 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ «ወንጀለኛ ሆኖ የተወለደ ሰው» አለ አለ፤ በመንጋጋው፣ በግንባሩ፣ በጆሮው ይታወቃል፤ ወደ «አውሬነት» የተመለሰ ፍጥረት ነው። በኋላ ደግሞ የሚጥል በሽታን ከተወለደ ወንጀለኛነት ጋር አቆራኘው። የእሱ ትምህርት በጣልያን ደቡቡን ሕዝብ ለመናቅ መሣሪያ ሆነ፤ አፍሪካውያንን ደግሞ ከሰው ዘር ታችኛው እርከን ላይ አስቀመጠ። በዚያ ትምህርት የተቀረጸ ትውልድ ነው በኋላ ጦር ይዞ እኛ አገር የመጣው። የሰውን ባሕርይ ከራስ ቅሉ አነባለሁ የሚል ሳይንስ ማንን እንደሚጎዳ ለእኛ መንገር አያስፈልግም።

የዛሬው ሳይንስ የተለየ ነገር ይላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ከአንጎል ጉዳት በኋላ ወንጀል የፈጸሙ 17 ሰዎችን አነጻጸረ። የጉዳታቸው ቦታ አንድ ዓይነት አልነበረም። «የወንጀል ቦታ» የሚባል ነገር አንጎል ውስጥ የለም ማለት ነው። ነገር ግን የተጎዱት ቦታዎች ሁሉ ከአንድ መረብ ጋር የተገናኙ ነበሩ፤ መልካሙንና ክፉውን ስንመዝን፣ ውጤቱን አስቀድመን ስናይ የምንጠቀምበት መረብ። ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል፤ የወደቀው ማሽን ሌላ ቦታ ያለ ሊሆን ይችላል፣ የሚቋረጠው አገልግሎት ግን ያው ነው።

ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ ግን የስዊድኑ ነው። ተመራማሪዎች ከ1973 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የነበረውን የሆስፒታልና የፍርድ ቤት መዝገብ አገናኙ። አንጎላቸው በአደጋ የተጎዳ 22,914 ሰዎች ውስጥ 8.8 በመቶዎቹ ከጉዳቱ በኋላ በኃይል ወንጀል ተፈረደባቸው፤ ከጠቅላላው ሕዝብ በተመረጡ አቻዎቻቸው ውስጥ ይህ 3 በመቶ ነበር። ሦስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ግን ሰፈሩስ? ድህነቱስ? ጠበኛ ሰው ራሱ ቀድሞ የሚመታ ቢሆንስ? ይህን ለማጣራት የተጎዱትን ከገዛ ወንድምና እህቶቻቸው ጋር አነጻጸሩ። ልዩነቱ ወደ ሁለት እጥፍ ወረደ፤ ግን አልጠፋም። አንድ እናት ካሳደገቻቸው ልጆች መካከልም ጭንቅላቱን የተመታው ይበልጥ ተጋላጭ ነው።

የሚጥል በሽታ ያለባቸውስ? ከሕዝቡ ጋር ሲነጻጸሩ ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ታየ። ከወንድምና እህቶቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ግን ልዩነቱ ጠፋ። የሎምብሮዞ ክስ በገዛ ወንድማቸው ምስክርነት ወደቀ። እኛ ጋ የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ሰው ይሸሸዋል፣ ሲወድቅ የሚነካው ያጣል፣ ክብሪት የሚጭርም አይጠፋም። ይህን ሁሉ ፍርሃት የሚደግፍ ቁጥር የለም።

ሌላውን ጎንም እናንብበው። 8.8 በመቶው ቢፈረድባቸው ከ91 በመቶ በላይ የሚሆኑት አልተፈረደባቸውም። «ጭንቅላቱን የተመታ ሁሉ ሰው ይደበድባል እንዴ?» ለሚለው መልሱ አይደበድብም ነው። «ምቱ ምንም አላመጣም» ለሚለው ደግሞ መልሱ አምጥቷል ነው። ሁለቱ አብረው እውነት ናቸው።

ማስረጃው ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 51 የተከሳሹ ኃላፊነት አጠራጣሪ ሲሆን ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ምርመራ እንዲያዝ ይላል። የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ሲታይ ምርመራው ግዴታ ነው። ስለ ሰውየው የቀድሞ ሕይወትና ባሕርይ እንዲጣራም ሊያዝ ይችላል። ከዚያ የምወደው ነገር ይመጣል፦ ዳኛው የሚገዛው በተረጋገጠው ሳይንሳዊ ግኝት ብቻ ነው፤ ባለሙያው ከግኝቱ ተነስቶ በሕግ ረገድ የሚሰጠው አስተያየት ዳኛውን አያስገድደውም። ሐኪሙ «እዚህ ቦታ ጉዳት አለ፣ ይህን ችሎታ ይቀንሳል» ይላል። «ስለዚህ ጥፋተኛ አይደለም» ማለት ግን የእሱ ሥራ አይደለም። ሎምብሮዞ ያፈረሰው ድንበር ይህ ነበር፤ ሕጋችን መልሶ አቆመው።

ኃላፊ አይደለም የተባለ ሰውም ዝም ብሎ ወደ ሰፈሩ አይለቀቅም። ፍርድ ቤቱ እንዲታከም፣ አደገኛ ከሆነም በሕክምና ቦታ እንዲጠበቅ ያዛል፤ ትእዛዙንም በየጊዜው ያያል። ለምርመራው ብዙ ጊዜ የሚላከው ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው ይህ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ወደ ቡራዩ በኩል ያለው የገፈርሳ ማገገሚያም የእሱ ልጅ ነው። የአንጎል ቀዶ ሕክምናን በአገር ውስጥ ማስተማር የተጀመረው ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ.፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ በርገን ጋር ሆኖ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አንቀጹ በ1949 ተጻፈ፤ አንጎሉን ከፍቶ የሚያክም ትውልድ ማፍራት የተጀመረው ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ክፍተቱ በሰው ላይ ሲያርፍ እንዲህ ይመስላል። በሰፈራችን የአይሱዙ ረዳት የነበረ ልጅ አለ። ከጭነት ላይ ወድቆ ለቀናት ራሱን ስቶ ነበር። ሲሻለው ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በዓመቱ ሁለት ሰው ፈነከተ። ጉዳዩ በሽማግሌ አለቀ። እናቱ ያንኑ አባባል ደጋግማ ስትናገር፣ አንድ አዛውንት «እናቴ፣ ሁሉም እናት እንዲህ ይላል» አሏት፤ በክፋት አልነበረም። እውነትም ሁሉም እናት እንዲህ ይላል። የእሷን ከሌሎቹ የሚለየው ወረቀት ነበር፦ መቼ ወደቀ፣ ስንት ቀን ራሱን ሳተ፣ ስካኑ ምን አሳየ። የሆስፒታሉ ካርድ የት እንደገባ ቤት ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ለማንበብ ብቻ ሳይሆን ለመሥራትም የሚሆን ነገር ልበል። ቤታችሁ ውስጥ ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን የሳተ ሰው ካለ፣ ካርዱንና የስካኑን ፊልም አስቀምጡ፤ ፎቶ አንስታችሁ በስልካችሁም ያዙ። ጠባዩ ከተቀየረ ምን እንደተቀየረና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ቀኑን ጻፉ፦ እንቅልፉ፣ ቁጣው፣ ገንዘብ አያያዙ፣ መጠጡ። ጠበል መውሰድ የሚፈልግ ይውሰድ፤ ሐኪምም ይየው። የሚጠጣ ከሆነ ቢተው ለእሱ ከሌላው ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ የተጎዳ ፍሬን ላይ አረቄ መጨመር ጉዳቱን ያብሳል። ይህ መዝገብ ሰው የሚጎዳበት ቀን ሳይመጣ ለሕክምና ይረዳል። ያ ቀን ከመጣም ለዳኛው የሚቀርብ «በፊት» እና «በኋላ» ይኖራል።

የተፈነከተው ሰውም እናት አለችው። እሷም መልስ ይገባታል፤ «በሽተኛ ነው» ብሎ በር መዝጋት መልስ አይሆናትም። በሁለቱ እናቶች መካከል ቆሞ ምን ሆነ፣ ምንስ ይቻለው ነበር ብሎ መጠየቅ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። አንቀጹ ከተጻፈ ቆይቷል። የሚጎድለው በየቤቱ ሳጥን ውስጥ፣ ወይም የትም ያልተቀመጠው ካርድ ነው።